ኅዳር ሚካኤልና ያልተከመረው ጤፍ፦ ከምንጃር ተነሥቶ መንዝ የደረሰ ክርክር

ጥያቄውን በአንድ የበይነ መረብ የውይይት መድረክ ላይ ያነሣው በምንጃር ሸንኮራ ወረዳ በግብርና ባለሙያነት የሚሠራ ወጣት ነው። ኅዳር 11 ቀን ወደ ማታ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። መሬታቸውን ለእኩል አራሽ የሰጡ አንዲት ባላቸው የሞተባቸው እናት፣ ጤፋቸው ታጭዶ ገና ሳይከመር በነዶ በነዶ ማሳው ላይ እንደተኛ፣ በማግሥቱም ኅዳር ሚካኤል እንደሆነ ነግረው፣ ሰው ጠርተው ቢያስከምሩት በዓል ሻረች ይባሉ እንደሆነ ጠየቁት። እርሱም እንዲያስከምሩት መከራቸው። ከዚያ ወዲህ የአካባቢው ሽማግሌዎች ፊት እንደነሡትና ምክሩን እንደ ድፍረት እንደቆጠሩበት ጽፎ፣ ምክሩ ስሕተት ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ።

ወጣቱ ራሱን ከቤተ ክርስቲያን ውጭ አላቆመም። በሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ፣ ዛሬም የሚቆርብ መሆኑን አስቀድሞ ተናግሯል። ተራማጅ የሚሉት ሰዎች እንዳሉ፣ ስሙንም እንደማይጠላው፣ እርሱ የሚሻው ግን እምነቱን መጣል ሳይሆን እምነቱ በድሀው ጓዳ ውስጥ ምን እንደሚሠራ መመርመር እንደሆነ አክሏል። ከጥያቄው ጋር አንድ ክስም አቀረበ። በየወሩ 1 ልደታ፣ 5 አቦ፣ 7 ሥላሴ፣ 12 ሚካኤል፣ 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 24 ተክለ ሃይማኖት፣ 27 መድኃኔ ዓለም፣ 29 በዓለ ወልድ እየተባለ ሲቆጠር፣ ቅዳሜና እሑድም ሲታከሉበት፣ ሁሉንም የሚያከብር ገበሬ ካለ ከ30 ቀን ውስጥ እርፍ የሚጨብጥበት ከግማሽ ያነሰ መሆኑን አስልቶ አሳየ። ቤተ ክርስቲያን ይህን እያየች ዝም ማለቷ ድሀውን በድህነቱ ያጸናዋል የሚል ነበር ክሱ።

በክሩ፣ ማለትም በተከታታዮቹ መልሶች ውስጥ፣ መልስ ቁጥር 1 የመጣው ከደብረ ብርሃን፣ ከአንድ መምህር ነው። ለጠያቂው ምስጋና አቅርቦ፣ ጌታ ደቀ መዛሙርቱ በሰንበት እሸት ሲቀጥፉ እንዳልከለከላቸውና ሰንበት ስለ ሰው እንደተፈጠረ መናገሩን ከማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 አስታወሰ። መልካም መልስ ነበር፤ ነገር ግን ይህን ጥቅስ የማያውቅ ሰው በመካከሉ ስላልነበረ ክርክሩን አላራመደውም።

ያራመደው ቁጥር 2 ነው። ከመሐል ሜዳ የጻፉ መሪጌታ፣ ወጣቱ የቆጠራቸው ቀናት ሁሉ በአንድ ሚዛን እንደማይቀመጡ አስረዱ። ከወር በዓላት በግዝት፣ ማለትም ሥራ እንዳይሠራባቸው በቤተ ክርስቲያን ትእዛዝ፣ የሚታሰቡት የ12ቱ ሚካኤል፣ የ21ዱ ማርያምና የ29ኙ በዓለ ወልድ መሆናቸውን፣ ቀሪዎቹ እንደየደብሩ ታቦት፣ እንደየማኅበሩና እንደየሰው ስእለት የተጨመሩ መሆናቸውን፣ ስለዚህም መንደር የጨመረውን በቤተ ክርስቲያን ላይ መጫን ፍርድ ማጉደል እንደሆነ ጻፉ። በፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 19 ስለ እሑድ፣ ስለ ቅዳሜና ስለ በዓላት የተደነገገውን ወጣቱ እንዳላነበበም በትሕትና ጠረጠሩ። ስለ ጤፉ ግን ከወጣቱ ጋር አልተጣሉም። በሬው ወይም አህያው ጉድጓድ ቢገባበት በሰንበት ቀን የማያወጣው ማን እንደሆነ ጌታ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ጠይቋል፤ በሜዳ ላይ ያለ የዓመት ቀለብም ከዚያ የሚያንስ አይደለም። የወቀሱት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቲቱን ወደ ንስሐ አባታቸው መላክ ሲገባው እርሱ ራሱ ፈቃጅ ሆኖ መገኘቱ ነው።

ሦስተኛው መላሽ ጨዋነቱን አልጠበቀም። ከሞረትና ጅሩ ነኝ ያለው ይህ ሰው፣ ገበሬውን ያደኸየው ሚካኤል ሳይሆን በወቅቱ የማይደርስ ማዳበሪያና ለልጅ ለልጅ ልጅ ሲከፋፈል ጥማድ የማይሞላ መሬት እንደሆነ ገልጾ፣ ደመወዙን በወር የሚቀበል ባለሙያ ይህን ሁሉ አልፎ በታቦት ላይ ጣቱን መቀሰሩን አጥብቆ ነቀፈ። ክሱ መሠረት አለው። ቢሆንም ቁጥር 4 ከዚያው ከጅሩ ተነሥቶ የአገሩን ሰው አረመው። የመረሬን መሬት ጠባይ የሚያውቅ ሁሉ፣ ውኃ ሲጠግብ ማረሻ እንደሚይዝ፣ ሲደርቅም ተሰንጥቆ በሬ እንደሚገድል፣ በመካከሉ ለሥራ የሚመቹት ቀናት ጥቂት መሆናቸውን ያውቃል። ማዳበሪያው ቢዘገይም ባይዘገይም፣ እነዚያ ጥቂት ቀናት በዓል ላይ ከዋሉ የሚጎዳው ጥንድ በሬ የሌለው፣ የሰው በሬ ተራ የሚጠብቀው ነው፤ ባለ በሬው በማግሥቱ ማልዶ ይጠምዳል፣ ተራ ጠባቂው ግን ሳምንት ይቆያል። ይህ ነጥብ በኋላ ብዙ ሰው ሊጠቅሰው የሚገባ ሆኖ ሳለ ሁለት ሰው ብቻ አነሣው።

ከዚህ በኋላ በረዶ መጣ። በቁጥር 5 ከአንጎለላና ጠራ የጻፉ አንድ አዛውንት፣ በልጅነታቸው አንድ ጎረቤታቸው በገብርኤል ዕለት ሲያርም ውሎ፣ በዚያው ማታ የወረደው በረዶ የቀበሌውን ባቄላ ጠራርጎ እንደወሰደው ተረኩ። ሐቀኝነታቸውን የሚጠራጠር አልነበረም። ቁጥር 6 ግን ትረካውን ከሌላ ወገን ያዘው፤ ያረመው አንድ ሰው ሆኖ ሳለ ባቄላው የጠፋው በዓል ያከበሩት ሁሉ ከሆነ፣ መልአኩ ያለ ፍርድ ቀጣ ማለት እንዳይሆን ጠየቀ። እግዚአብሔር ፀሐይን በክፉዎችም በበጎዎችም ላይ እንደሚያወጣ፣ የሰሊሆም ግንብ የወደቀባቸው ሰዎችም ከሌሎቹ ይልቅ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ ጌታ ማስተማሩን አክሎ ጻፈ። አዛውንቱ በቁጥር 7 ተመልሰው፣ የልጅ ልጃቸው ዕድሜ ያለው ሰው ወንጌል ሊያስተምራቸው መነሣቱ እንዳሳዘናቸው፣ እርሳቸው የተናገሩት ያዩትን እንጂ ሕግ አለመሆኑን ገለጹ። የመላሹ ነጥብ ትክክል ነበር፤ አጠያየቁ ግን ለሽበት የሚገባውን አልሰጠም።

በዚሁ መካከል ሁለት ሰዎች ጠያቂውን አንድ ነገር ደጋግመው ጠየቁት፤ በኅዳር ሚካኤል ዕለት ዝናቡ ጣለ ወይስ አልጣለም? ወጣቱ በቁጥር 8 ተመልሶ ይህን እንደማይናገር አስታወቀ። ጥሎ ከሆነ ምክሩ እንደ ትንቢት ሊቆጠርለት፣ ሳይጥል ቀርቶ ከሆነ ደግሞ እናቲቱ በከንቱ በዓል ሻሩ ሊባሉ ነው። የእናቲቱ ፍርሃት ትክክል መሆን አለመሆኑ በደመናው ሊለካ እንደማይገባ ጻፈ። አንዳንዶች ሽሽት አሉት፤ ለእኔ ግን በክሩ ውስጥ ከተጻፉት ብልህ መልሶች አንዱ ነው።

ቁጥር 9 ከተጉለት የመጣ ነው። የታሪክ መምህር የሆነው ጸሐፊ፣ በዓልና ሥራን በተመለከተ ትልቁ ክርክር የተቋጨው በሩቅ አገር ሳይሆን በዚያው በተጉለት፣ በደብረ ምጥማቅ እንደሆነ አስታወሰ። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜን ከእሑድ ጋር ያከብሩ ስለነበር፣ የእስክንድርያን ሥርዓት በሚከተሉት ዘንድ ለረጅም ዘመን ተገፍተው ኖረዋል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1450 ጉባኤ ሠርተው፣ ከግብፅ የመጡት ጳጳሳት አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል ባሉበት ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። የመምህሩ መደምደሚያ፣ ዛሬ ከአባቶቻችን ሳይለወጥ የወረስነው የምንለው ሥርዓት ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀ ክርክር ውጤት ነው፤ ስለዚህ መከራከር በራሱ ክሕደት አይደለም የሚል ነው።

ቁጥር 10 ይህን በደንብ አነበበና ወጥመዱን አሳየ። ያ ክርክር ያበቃው ዕረፍትን በመጨመር እንጂ በመቀነስ አይደለም፤ እኒሁ ንጉሥ የእመቤታችን 33 በዓላት በመላ አገሪቱ እንዲከበሩ ያዘዙ ናቸው። ታሪኩን ለተራማጅነት ምስክር አድርጎ የሚጠራ ሰው ምስክሩ ለሌላው ወገን እንዳይመሰክርበት መጠንቀቅ ይኖርበታል። የታሪክ መምህሩም ይህን ተቀበለ፤ ግን የተገፉት ሰዎች በመጨረሻ መሰማታቸው እንደማይካድ አጸና።

እዚህ ላይ ቢቆም መልካም ነበር። ቁጥር 11 ያልተሰሙትን ጠራ፤ ደቂቀ እስጢፋኖስን፣ የአባ እስጢፋኖስን ተከታዮች። ከዚያው ንጉሥ ጋር ተጋጭተው ስለተወገሩት መነኮሳት፣ ደብረ ብርሃንም ስሟን ካገኘችበት፣ በሰማይ ታየ ከሚባለው ብርሃን ጋር የእነርሱ መወገር በታሪክ ተያይዞ መነገሩን ጽፎ፣ ተአምሩን ንጉሡ ለራሳቸው ፍርድ ማረጋገጫ አድርገው እንደተረዱት አመለከተ። ከተማዋን የሚወዱ ሰዎች ተቆጡ፤ ቁጥር 12 ሙሉ በሙሉ ስድብ ስለነበረ በመድረኩ አስተዳዳሪ ተነሣ፤ ጸሐፊውን መናፍቅ ከማለት ያለፈ ነገር እንዳልነበረበት ያነበቡት ተናግረዋል። ይህ የታሪክ ቅርንጫፍ ራሱን የቻለ ክር ይገባው ነበር፤ በጤፉ ጥያቄ ላይ ግን ብዙም አልጨመረም።

በቁጥር 13 የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ምእመን የሆነ ሰው ከደብረ ሲና ገባ። ስለ ዕለት ማንም ማንንም እንዳይፈርድ በቆላስይስ መልእክት ምዕራፍ 2 መጻፉን ጠቅሶ፣ የእርሱ ቤተ ክርስቲያን ይህን ሸክም ከአባላቷ ላይ ካነሣች መቆየቷን ገለጸ። የተናገረው በትሕትና ነበር፤ በንግግሩ ውስጥ ግን ኑ ወደ እኛ የሚል ድምፅ ስለነበረበት ብዙዎች አልወደዱለትም። ቁጥር 14 በተመጠነ ቃል መለሰለት። ሮሜ ምዕራፍ 14 ዕለትን የሚያከብረው ለጌታ ብሎ እንደሚያከብር ይናገራል፤ የማያከብረው ያከበረውን እንዳይንቅ ያው ምዕራፍ ያዝዛል። ደግሞም በዓል በሌለው ማኅበር ውስጥ ድሀው የሚያርፍበትን ቀን ማን እንደሚሰጠው ጠየቀ። ደብረ ሲናው ሰው ለዚህ አልመለሰም።

ከሁሉ ይልቅ ያልተጠበቀው ቁጥር 15 ነው። ከመንዝ ጌራ የጻፈ፣ የተፈጥሮ ሀብት ትምህርት የተማረ ሰው፣ የበዓልን ቀመር ከምርት ጋር ብቻ እያጋጩ መቁጠር ሌላውን ጥቅሙን እንደሚሸፍን ተናገረ። የመንዝ ጓሳ ሣር ቄሮ በሚባለው የአካባቢው የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ለዓመታት ተዘግቶ የሚጠበቅ የጋራ መሬት ነበር፤ አስቦና ጌራ ከተባሉት አባቶች ጀምሮ የወረደ ሥርዓት ነው። ሣሩ ለአጨዳና ለግጦሽ ተከፍቶ ከቆየ በኋላ ሰዉም ከብቱም የሚወጣው የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5 ቀን ነበር። ሥርዓቱም ቀኑን ሁሉም ያውቀው ስለነበርና ያንን ቀን መድፈር ከሰው በላይ የሆነ ነገር መድፈር ስለነበር ጸና። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ሲላላ በጓሳው ላይ ምን እንደደረሰ የመንዝ ሰው ሁሉ ያስታውሳል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬ በዚያ የሚታዩት ያ ክልከላ ለዘመናት ስለቆየ እንደሆነ ጨምሮ፣ በዓልን ሰብሮ ምርት መጨመር የሚፈልግ ሰው ከበዓሉ ጋር ሌላ ምን እንደሚሰበር አስቀድሞ እንዲቆጥር መከረ። እንዲህ ያለውን ተቃውሞ የሚያነሣ ሰው በእንዲህ ያለ ክር ውስጥ ብርቅ ነው፤ ወጣቱም ራሱ ቁጥሩን ደግሞ እንዲያይ እንዳደረገው አምኗል።

ከዚያ ቁጥር 16 መጣ፤ ክሩም ከዚያ በኋላ የቀድሞው ክር አልነበረም።

ጸሐፊዋ በመንዝ ማማ፣ ከሞላሌ ወጣ ብሎ የሚኖሩ ሴት ናቸው። እስከዚያ ድረስ የጻፉት ወንዶች ሁሉ፣ የሚከራከሩትም የተስማሙትም፣ በበዓል ቀን ሥራ አይሠራም በሚለው ላይ አንድ ሆነው ሳለ፣ እርሳቸው ግን ሥራ ያልሠሩበትን በዓል እንደማያውቁ ጻፉ። ያለፈውን የ21ዱን ማርያም ለምሳሌ አነሡ። የጽዋው ተራ የቤታቸው ነበር። ጠላው ከቀናት በፊት ተጠንስሷል፤ ዳቦው ሌሊት በኩበት እሳት ተጋግሯል፤ ኩበቱን በዋዜማው የለቀሙት እርሳቸውና ሴት ልጃቸው ናቸው። ውኃው ከምንጭ በጀርባ ወጥቷል፤ መንገዱ ዳገት ነው። ጠላውን በእንስራ አዝለው ደጀ ሰላም ሲደርሱ፣ ወንዶቹ በቅጥሩ ግንብ ሥር ፀሐይ እየሞቁ የመሬት ክስ ወሬ ይዘው ነበር። ሲመለሱ ጥጃ ማሰር፣ ልጅ ማጠብ፣ ለማታ እንጀራ መጋገር ነበረባቸው። ዕለቱ የከለከላቸው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የበግ ጠጉር መፍተልና መፍጨት። መፍተሉ ደግሞ ዝተትና በርኖስ ሆኖ ተሸጦ በእጃቸው የሚገባ ብር የሚያመጣላቸው፣ ቁጭ ብለው የሚሠሩት ብቸኛው ሥራ ነው። ስለዚህ በዓሉ የሚያስተዋቸው የሚያሳርፋቸውንና የሚጠቅማቸውን ሥራ ሲሆን፣ የሚያደክማቸውን ግን ይጨምርላቸዋል።

ይህን ሁሉ ከጻፉ በኋላ ግን በዓሉ ይቀነስ አላሉም። እመቤታችንን እንደሚወዱ፣ 21 ቀን ሳይመጣ ወር ወር እንደማይመስላቸው፣ ከመንደሩ ሴቶች ጋር የሚገናኙትም ያን ዕለት እንደሆነ ጻፉ። የምንጃሩ ወጣት በዓላቱ በዝተዋል ሲል፣ ለእርሳቸው ግን አንድ በዓል እንኳ ገና እንዳልደረሳቸው፣ የሚለምኑት እንዲደርሳቸው ብቻ መሆኑን ገልጸው ዘጉ።

እኔ ይህን ክር ልተርክ የተነሣሁት በዚህ መልስ ምክንያት ነው። ወጣቱ የሥራ ቀን ማጣትን ቆጠረ፤ መሪጌታው ግዝትና ልማድን ለዩ፤ የታሪክ መምህሩ ጉባኤን ጠራ፤ ሁሉም የለኩት በዓሉን በማረሻው ነው። በዓል ማረሻን ብቻ የሚያሳርፍ ከሆነ፣ በየቤቱ ግማሹ ሰው ከበዓሉ ውጭ ቀርቷል ማለት ነው፤ እምነትን በኑሮ ውስጥ መመርመር እፈልጋለሁ ያለው ወጣት እንኳ ይህን አላየውም ነበር።

ቁጥር 17 ነገሩን በቀልድ ሊያልፈው ሞከረ። ለእመቤታችን ጽዋ መድከም በረከት እንጂ ሸክም እንዳልሆነ፣ ሚስቱም አጉረምርማ እንደማታውቅ ጻፈ። አራት ሰዎች ተከታትለው ሚስቱ ራሷ እንድትጽፍ ጠየቁት፤ አልጻፈችም። ቁጥር 18 በአንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የተጻፈ ሲሆን በክሩ ውስጥ ከሁሉ የሰላው ነው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 5 በሰንበት የሚያርፉትን ሲዘረዝር አንተ፣ ወንድ ልጅህ፣ ሴት ልጅህ፣ ባሪያህ፣ ገረድህ፣ በሬህ፣ አህያህ፣ በደጅህ ያለው እንግዳ ብሎ ይቆጥራል፤ ሚስት አልተጠራችም። የመንዝ ወንዶች ይህን አንብበው ከሆነ ለበሬያቸው የሰጡትን ለሚስታቸው የነፈጉበት ምክንያት ገብቶኛል ስትል ጻፈች። ቃሉ መራር ነበር፤ ሁለት ሰዎች ንባቡ ቅዱስ መጽሐፍን መዳፈር እንደሆነ ተቆጥተው መለሱላት።

መሪጌታው በቁጥር 21 ተመልሰው ቁጣውን አበረዱ። ተማሪዋን ልጄ ብለው ጠርተው፣ ሚስት ያልተጠራችው ከባሏ ጋር አንድ ሥጋ ስለሆነች አንተ በሚለው ውስጥ መግባቷን አባቶች እንደሚያስተምሩ ገለጹ። ነገር ግን እዚያ አልቆሙም። ያው ምዕራፍ ዕረፍቱ የታዘዘበትን ምክንያት ሲናገር፣ ባሪያህና ገረድህ እንደ አንተ ያርፉ ዘንድ እንደሚል፣ እስራኤልም በግብፅ ባሪያ እንደነበረ እንዲያስብ እንደሚያዝዝ አስታወሱ። በሐዋርያት ስም በተጻፈው ቀኖናም ባሪያዎች አምስት ቀን ሠርተው በቅዳሜና በእሑድ ለትምህርት ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዲሄዱ የታዘዘ መሆኑን ጨመሩ። ስለዚህ የበዓል ሥራ ክልከላ መጀመሪያ የተሰጠው ጌታውን ለመቅጣት ሳይሆን በቤት ውስጥ ከሁሉ በታች ያለውን ለማሳረፍ ነው። በዚህ ሚዛን ከታየ፣ ሚስቱን በእንስራ እያደከመ እርሱ ፀሐይ የሚሞቅ ባል በዓሉን አክብሯል ለማለት እንደሚቸግራቸው በግልጽ ጻፉ። ተራማጅ ነኝ ባይ ሁሉ ያላለውን አንድ የድጓ መምህር እንዲህ አሉት።

ቁጥር 22 በደብረ ብርሃን ፋብሪካ በፈረቃ የምትሠራ ወጣት ናት። በገብርኤልም በሥላሴም ማሽኑ እንደማይቆም፣ ማንም በረዶ ያመጣባችኋል ብሎ እንዳልወቀሳቸው፣ ወላጆቿ ግን በዚያው ዕለት ማሳቸው ላይ ቢገኙ ከሰንበቴው እንደሚገለሉ ጻፈች። ክልከላው የሚበረታው ጎረቤት በሚያየው ሜዳ ላይ ብቻ እንደሆነ መታዘቧ ብዙ ሰው አስማምቷል። ቁጥር 23 ከቀወት የመጣ ሙስሊም ገበሬ ነው። በሚካኤል ዕለት ማረስ የሚከለክለው ነገር ባይኖርም፣ ከክርስቲያን ጎረቤቱ ጋር በሬ ስለሚያቀናጁ እርሱም አብሮ እንደሚውል፣ ጎረቤቱም ዓርብ ለጁምዓ ሲሄድ እንደሚጠብቀው ጻፈ። ክርስቲያኖች እርስ በርስ የተነፋፈጉትን እርሱ ሲሰጥ ማየት ለአንዳንዶች አሳፋሪ ሆኖባቸዋል።

ከዚያ ወዲያ ክሩ ተንሸራተተ። አንዱ ወጪው የበዛው በበዓል ሳይሆን በተዝካር ነው ብሎ ጀመረ፤ ሌላው የጅሩ ሰንጋ ለፋሲካ ስንት እንደደረሰ አነሣ፤ ሦስተኛው ጠላው ቀርቶ የደብረ ብርሃን አረቄ ከደጀ ሰላም ይራቅ አለ፤ በዚህ ላይ ብቻ ስድስት መልሶች ተጻፉ። በመካከሉ አንዲት ነርስ፣ በዓሉ የሚጨምረውን የሴት ሥራ ቀድመው የሚሸከሙት ልጃገረዶች እንደሆኑ፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው የሠርግ ወራት ከትምህርት ቤት የሚጠፉትም እነርሱ መሆናቸውን ጽፋ፣ ሕጉ 18 ዓመት እያለ ሳይሞላት የምትዳር ልጅን ተክሊል ለብሳ ስላየቻት ብቻ ዝም የሚል ካህን ካለ እርሱ ከበዓል ሻሪው የባሰ እንደሆነ ተናገረች። ነገሩ ከባድ ስለነበር አስተዳዳሪው ለብቻው ክር እንዲከፈትለት አደረገ፤ ተገቢም ነበር።

ወደ ጉዳዩ የመለሰው ቁጥር 34 ነው። በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዐዋዲ መሠረት በየአጥቢያው ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የሚወከሉበት ሰበካ ጉባኤ መኖሩን አስታውሶ፣ የትኛው በዓል ግዝት፣ የትኛው ልማድ እንደሆነ፣ አዝመራ ሲያሠጋ ማን እንደሚፈቅድ በዚያ ተወስኖ ከቅዳሴ በኋላ እንዲነገር ሐሳብ አቀረበ። እንዲህ ቢሆን አንዲት መበለት በኅዳር ማታ የባለሙያ ደጅ ለመምታት አትገደድም ነበር። የጅሩው ቁጡ ሰው፣ ቁጥር 3፣ ተመልሶ በዚህ ተስማማ፤ ማዳበሪያውንም አብረው እንዲያነሡበት ግን ሳያሳስብ አላለፈም። ቁጥር 36 በእርሱ አጥቢያ ሰበካ ጉባኤ ውስጥ ስንት ሴት እንዳለች ለራሱ ቆጥሮ፣ አንዲትም ስላላገኘ፣ ውሳኔው እንደገና ስለ ማረሻ ብቻ እንዳይሆን ሠጋ። መሪጌታው በሚቀጥለው ጉባኤ ጉዳዩን እንደሚያነሡ ተናገሩ፤ የሞላሌዋንም እናት ለዚያ የሚሆን ነገር ካላቸው እንዲጽፉ ጠየቋቸው።

እርሳቸውም በቁጥር 39 መለሱ። መልሳቸው አጭር ነበር፤ የጽዋው ተራ የደረሰው ቤት ወንድ በዋዜማው ውኃውን በአህያ እንዲያመጣ፣ እንስራውንም እስከ ደጀ ሰላም እንዲጭን ማኅበሩ በደንቡ ቢጽፍ ሌላው ቀስ በቀስ ይደርሳል የሚል ነው። ቁጥር 40 ለዚህ የተሰጠ ተቃውሞ ሲሆን፣ የጽዋ ጠላ በአህያ ተጭኖ አያውቅም ይላል። ቁጥር 41 ደግሞ ከግሼ ራቤል ነው፤ በእነርሱ ማኅበር አህያ መጫን ከተጀመረ ቆይቷል፣ እስካሁንም ጠላው አልተደፋም።